ለአይጥ የተሰጠ ቫይታሚን ለልጅ የወባ መድኃኒት አይሆንም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ቫይታሚን ሲ እና ቫይታሚን ኢ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ የጥገኛ ተውሳክ በሽታን እንደፈወሱ በጤና ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያነበብኩት በአንዲት እናት ስልክ ላይ ነው። ልጇ ወባ ተገኝቶበት ኮአርተም የተባለው የወባ ኪኒን ታዝዞለታል። በአንድ እጇ ስልኩን፣ በሌላው የሚታኘከውን ብርቱካንማ ቫይታሚን ሲ ይዛ፣ «ወንድሜ፣ ያኛው ያስመልሰዋል፤ በዚህ ብተካለትስ?» አለችኝ። ደነገጥኩ።

ተማሪ ሳለሁ በነጭ አይጦች ላይ የወባ ሙከራ ሠርቻለሁ። የምንጠቀምበት ፕላስሞዲየም በርጌይ የሚባለው፣ ሰውን የማይዘው የአይጥ ወባ ነበር። ከጅራቷ ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ወስደን በመስታወት ላይ እናሰራጫለን፤ በጊምሳ ቀለም ነክረን ከቀይ የደም ሴሎቹ ስንቱ እንደተያዘ በማይክሮስኮፕ እንቆጥራለን። መድኃኒቱ ተውሳኩን ገደለ የምንለው ያ ቁጥር ሲወርድ ነው። የአይጧ ደም አለማነሱና ክብደቷ አለመቀነሱ ደስ ያሰኛል፤ ተውሳኩ ለመሞቱ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ጽሑፋችሁ ያምታታው ይህንን ነው። ሰውነት ከተውሳክ ጋር ሲታገል የሚያመነጫቸው ኦክሲጅን አዘል ኬሚካሎች የራሱንም ቀይ የደም ሴልና ጉበት ይጎዳሉ። ቫይታሚኖቹ ያንን ጉዳት ሊያበርዱ ይችላሉ። ገንዲን በሚያመጣው ተውሳክ በተያዙ አይጦች ላይ ሲሞከሩ የሚፈለገው ጥቅም በአብዛኛው ይኸው፣ የደም ማነስን መቀነስ ነው።

በወባ ላይ ነገሩ ይብሳል። ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር የሚሠራው ተውሳኩ ከበላው ሄሞግሎቢን በሚወጣው ብረት ተቀስቅሶ፣ ተውሳኩን የሚያቃጥሉ ኬሚካሎችን በመፍጠር ነው። ቫይታሚን ሲና ኢ ደግሞ አንቲኦክሲደንት ናቸው፤ ሥራቸው እንዲህ ያለውን ቃጠሎ ማጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ በታተመ የአይጥ ጥናት፣ ቫይታሚን ኢ የተነፈጋቸው አይጦች ወባን የተሻለ ሲቋቋሙ፣ ቫይታሚኑ ሲሰጥ ግን የአርቴሜተር መነሻ የሆነው አርቴሚሲኒን ኃይሉ ቀንሶ ታይቷል። ጽሑፋችሁ ይህን በአንድ መስመር እንኳ አላነሳም። ብርቱካን አትብሉ ማለቴ አይደለም፤ የምፈራው በኪኒን የሚወሰደውን ከፍተኛ መጠን ነው።

ሌላም አለ። አይጥ ቫይታሚን ሲን በጉበቷ ራሷ ትሠራለች፤ የሰው ልጅ አይችልም። የአይጧን መጠን ለሕፃን ማስላት ከመነሻው አያስኬድም።

ያቺን እናት ኪኒኑን ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር እንድትሰጠው፣ ከዋጠ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው መጠኑን እንድትደግም፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይዛው እንድትመለስ ነገርኳት። ስድስቱንም ጊዜ ሳታቋርጥ በሦስት ቀን እንድትጨርስ አስምዬ ሸኘኋት። ሌሎቹን አንባቢዎቻችሁን ግን እኔ አላገኛቸውም። አሁን መስከረም ነው፤ ዝናቡ ቆሞ ኩሬው የቀረበት፣ ወባ የሚበረታበት ወቅት። ስለዚህ ማረሚያውን በዚያው ዓምድ፣ በዚያው ስፋት፣ በዚሁ ሳምንት እንድታወጡልን እለምናለሁ። ወደፊትም የሙከራ ዜና ስታወጡ በአይጥ ይሁን በሰው፣ የተውሳኩ ቁጥር ወረደ ወይስ ጉዳቱ ብቻ ቀነሰ የሚለውን በመጀመሪያው አንቀጽ ጻፉልን።

የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከአርባ ምንጭ