ደብዳቤ ለልጄ፦ ፍሬን ሳትይዝ እንዳትጀምር

የኔ ጌታ፣

ይሄን በስልክ ልነግርህ ሦስቴ ጀምሬ ተውኩት። አባትህ ሁሌ አጠገቤ ነው፣ ጆሮው ደግሞ ምንም አልሆነም። ስለ እሱ ፓምፐርስ ለልጁ ሳወራ እንዲሰማኝ አልፈለግኩም።

ሐሙስ ለእህቴ አርባ ደሴ እሄዳለሁ፣ ማክሰኞ እመለሳለሁ። እስከዚያ ቤት ውስጥ ያላችሁት አንተና እሱ ናችሁ። ምግቡን ትችለዋለህ፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ። የሚያስጨንቅህ መቀየሩ እንደሆነ አውቃለሁ። ባለፈው ስትመጣ ልቀይረው ስል ዳቦ ልግዛ ብለህ ወጣህ። ዳቦ ነበረ እኮ።

አልተቀየምኩህም። የአባትን ሀፍረት ማየት ለወንድ ልጅ ከባድ ነው፣ ሴምና ያፌት እንኳ ኖኅን ያለበሱት ወደ ኋላ እየተራመዱ ነው። ግን እነሱ የነበረባቸው ልብስ ጣል አድርጎ መውጣት ብቻ ነው። ፓምፐርስ ወደ ኋላ እየሄዱ አይቀየርም።

ስትሮኩ ግራ ጎኑን አድክሞት ከሆስፒታል ሲያስወጡን አንድ ከረጢት መድኃኒት ሰጡን እንጂ ይሄን ሰው እንዴት ታነሺዋለሽ ያለኝ አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት የዊልቸሩን ፍሬን ሳልይዝ ላነሳው ስል ወንበሩ ወደ ኋላ ሸሸ፣ እሱ ተንሸራቶ ሴራሚኩ ላይ ወረደ፣ እኔም ላዩ ላይ። 30 ዓመት ከባድ መኪና የነዳ፣ በ1990 የኤርትራው ጦርነት እስኪጀመር በኤንትሬ መኪና አሰብ፣ ከዚያ ደግሞ ጅቡቲ ሲመላለስ አንዲት አደጋ ያላደረሰ ሰው፣ በሚስቱ ፍሬን ተገለበጠ። አሁን ይስቅብኛል። ያን ቀን ግን አልሳቀም።

ያስተማረችኝ ቤሩት አሮጊት ስትጠብቅ የኖረችው ጎረቤታችን ናት። ያሳየችኝን ልንገርህ።

መጀመሪያ ሁሉንም አጠገብህ አድርግ። አዲሱ ፓምፐርስ፣ ጓንት፣ በጆግ ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት ጨርቅ፣ ሁለት ፎጣ፣ ጥቁር ፌስታል። የረሳኸውን ልታመጣ እሱን በአንድ እግሩ አቁመኸው መሄድ የለም። ውሃ እንደሚጠፋ ታውቃለህ፣ ቢጫዋ ጀሪካን ሁሌ ሙሉ ትሁን።

ዊልቸሩን መኝታ ቤት ግድግዳው ላይ ወዳስተከልኩት ብረት አዙረው። ሁለቱንም ፍሬን ያዝ። የእግር ማስቀመጫዎቹን ወደ ጎን አድርጋቸው፣ አለበለዚያ ሲነሳ ይጠልፉታል። ጫማ ያድርግ፣ በካልሲ አይቁም። ከዚያ እየተንፏቀቀ ወደ ወንበሩ ጫፍ ይምጣ፣ በቀኝ በኩል ራሱ ይችላል፣ የግራውን አንተ ከዳሌው ገፋ ታደርግለታለህ። እግሮቹን ትንሽ ወደ ኋላ አስገባቸው። በቀኝ እጁ ብረቱን ይያዝ። አንተ በግራው ቁም፣ ጉልበቱ እንዳይከዳው በጉልበትህ ደግፈው፣ በእጅህ ከኋላ ወገቡን ያዝ። በግራ እጁ ጎትተህ እንዳታነሳው! ስትሮክ ያደከመው ትከሻ ልል ነው፣ ከቦታው ይወጣል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚለው ደግሞ እሱ ነው። አንተ አትቁጠርለት።

ሲቆም ትንሽ ጠብቅ፣ ራሱን ያዞረዋል። ቱታውን አውርድ፣ የፓምፐርሱን ሁለት ጎን ቅደደው፣ ከፊት ወደ ኋላ ጠቅልለህ አውጣና ፌስታል ውስጥ ክተት። ከኋላ በኩል ያለውን ጥረግና አድርቅ፣ ወንበሩ ላይ ንጹህ ፎጣ አንጥፍለትና ይቀመጥ። አይውደቅ፣ ቀስ ይበል። እሱ እዚህ ጋ ሁሌ «በማርሽ!» ይላል። የጣርማ በርን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሹፌር ገደል ነው የሚገባው፣ በከባድ ማርሽ ነው የሚወረደው ብሎ ስንቴ አስረድቶኛል።

ከፊት በኩል ያለውን ተቀምጦ ራሱ ይጥረግ። ጨርቁን ነክረህ ጨምቀህ በቀኝ እጁ ስጠው፣ አንተ አዲሱን ፓምፐርስ እየከፈትክ ዞር በል። ይቺ እኔንም ዘግይታ ነው የገባችኝ። ስንት ወር ሙሉ ሁሉንም እኔ ሳደርግ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዝም ይል ነበር፣ እኔ ደግሞ ዝምታው ሲከብደኝ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራለሁ። አንድ ቀን ጓንቴ ተቀደደና እስክቀይር ያዝልኝ ብዬ ጨርቁን ሰጠሁት። አልመለሰልኝም። ጨርሶ፣ አጥፎ፣ ሳፋው ውስጥ ጣለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግድግዳ አያይም።

ስታወልቅ በጤነኛው እግር ጀምር፣ ስታለብስ በደካማው። ጫማውንና ቱታውን ተቀምጦ አውልቅለት፣ ግራ እግሩን አስቀድመህ ፓምፐርሱንም ቱታውንም እስከ ጭኑ አምጣ፣ ጫማውን መልስ። ሁለተኛ ሲነሳ ሁለቱንም አንድ ላይ ወደ ላይ ትስባለህ። ሁለቴ ብቻ ነው የሚነሳው። የጭኑ ላስቲክ ወደ ውስጥ ታጥፎ እንዳይቀር ጣትህን ዙሪያውን አዙርበት፣ ከታጠፈ በዚያ በኩል ያፈሳል። እና ይቅርታ አድርግልኝ፣ ብልቱ ወደ ታች ይሁን። ወደ ላይ ከሆነ በወገቡ በኩል ነው የሚወጣው። ይሄን ስንት አንሶላ አጥቤ ነው ያወቅኩት።

ጉልበት የሚያጣበት ቀን አለ፣ በተለይ ማታ። ያን ጊዜ አቁመዋለሁ ብለህ አትታገል። በጎን የሚለጠፈው ፓምፐርስ ቁምሳጥኑ ውስጥ ከታች አለ፣ በሱ ተቀምጦ ይቀየራል። ወደ ቀኝ ይደገፍ፣ ክንዱን ወንበሩ እጀታ ላይ አድርጎ። የግራ መቀመጫው ከፍ ሲልልህ ቱታውን በዚያ በኩል አውርድ፣ ማጣበቂያውን ፍታ። ከዚያ ወደ ግራ ታዘነብለዋለህ፣ በዚህ ጊዜ ግን ራሱን መያዝ ስለማይችል ትከሻህን ስጠው፣ ሙሉ ክብደቱ አንተ ላይ ይረፍ፣ አሮጌውን በቀኝ በኩል ሳብ። አዲሱን በቁመቱ ለሁለት አጥፈህ እንዲሁ ጎን በጎን እያስደገፍክ ከስሩ አስገባው። የኋላው ጠርዝ እስከ ወገቡ ካልደረሰ ድገመው፣ በግማሽ የገባ ፓምፐርስ ከሌለ አይሻልም። ስትለጥፍ የታቹን ማጣበቂያ ወደ ላይ፣ የላዩን ወደ ታች ሰያፍ አድርገው። አንዳንዴ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ወገብህን ይይዝሃል፣ አንተም በርጩማ አምጥተህ ተቀመጥ።

ሰገራ ከሆነ ግን ወንበር ላይ አትሞክረው። አልጋ ላይ በጎኑ አስተኛውና እዚያ አጽዳ። ይሄ እንዳይመጣብህ ጠዋት ቁርስና ቡና እንደጨረሰ ሽንት ቤት እንሂድ በለው፣ ከበላ በኋላ ነው ሆዱ የሚነሳው። አብዛኛውን ቀን ይሳካል።

ቆዳውን እይ። መቀመጫው መሃል አጥንቱ ላይ፣ ዳሌው ላይ። በኛ ቆዳ መቅላት ቶሎ አይታይም፣ ስለዚህ ከአካባቢው ጠቆር ያለ፣ የሞቀ ወይ ጠንከር ያለ ቦታ በእጅህ ፈልግ። ካገኘህ በዚያ በኩል አታስቀምጠው፣ ለኔም ደውል። ቅባቱ ስስ ይሁን፣ ሲበዛ ፓምፐርሱ ሽንት መምጠጥ ያቅተዋል። ሌሊቱን እንዳያፈስ ብለህ ሁለት ደርበህ እንዳታለብሰው ደግሞ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ያፈሳልም ያቆስላልም።

ውሃ ሰጥተኸው «አልጠማኝም» ይልሃል። ውሸቱን ነው። አንተን ላለማስቸገር ነው የማይጠጣው፣ በኔም መጀመሪያ እንደዚያ አድርጎኛል። ሽንቱ ወፈር ሲል ደግሞ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ቀዳ፣ አጠገቡ አስቀምጥ፣ አንተም አብረህ ጠጣ። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ እየው፣ ግን ሰው ፊት «አረጠብክ?» እንዳትለው። «አባዬ፣ እንነሳ?» በለው፣ ይገባዋል። እንደ ሕፃንም አታባብለው። አንድ ቀን «ጎበዝ» ብዬው እስከ ማታ አኩርፎኛል።

አርብ ማታ 2 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። አጠገብህ ስለሚሆን እንዴት ሆነ ብዬ አልጠይቅህም። «ፍሬኑ ያዘ?» ነው የምልህ። ደህና ከሆናችሁ «ይዟል» በለኝ። ካቃተህ «የፍሬን ሸራው አልቋል» በለኝ፣ ጎረቤታችንን እልክልሃለሁ፣ ነግሬያታለሁ።

እናትህ