ማኅበራችን ከጦርነቱ በፊትም ነበር

ለአዘጋጁ፣

ስለ ቆቦ የባልትና ሴቶች ያወጣችሁትን ዘገባ እዚህ ያላየው ሰው የለም፣ እኛንም ልጆቻችን ናቸው በስልካቸው ያሳዩን። ፎቶው ያምራል፣ አዲስ ሽርጥ የለበሱ አምስት ሴቶች ማሽን አጠገብ ቆመው ይስቃሉ። ጽሑፉ ላይ ግን እነዚህ ሴቶች ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ በተደረገላቸው ድጋፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደራጅተው ገቢ ማግኘት ጀመሩ ብላችኋል። ለመጀመሪያ ጊዜ? ማንን ጠይቃችሁ ነው?

ከአምስቱ አራቱ የኛ ማኅበር አባላት ናቸው። እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ፣ ዕጣ፣ ማለት የማኅበሩን ድርሻ፣ ሲገዙ ደረሰኝ የቆረጥኩላቸው በዚህ በእጄ ነው። ጦርነት የሚባል ነገር ሳይታሰብ በፊት በርበሬ እያዘጋጀን ሽሮ እየፈጨን ለሆቴል እናስረክብ ነበር፣ የሠርግ ትእዛዝ እንቀበል ነበር፣ አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶችም በአውቶብስ ይላክ ነበር። ወፍጮውን የገዛነው ግማሹን በዕጣና በቁጠባችን ግማሹን በብድር ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ 985/2009 እንደሚለው አባል ዕጣ ገዝቶ፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ ይዞ፣ ሂሳቡ ኦዲት እየተደረገ ነው ስንሠራ የኖርነው። እናንተ ግን ቤት ተቀምጠው እጃቸውን ዘርግተው የሚጠብቁ አስመሰላችሁን።

ከተማችን ሐምሌ 2013 ተይዛ እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆየች። ከሸሸንበት ተመልሰን ቤቱን ስንከፍት የወፍጮው ሞተር ከነብሎኑ ተፈቶ ተወስዷል፣ ድንጋዩ ከብዷቸው ትተውታል እሱም ለሁለት ተሰንጥቋል፣ ዛላው በርበሬ ከነጆንያው የለም፣ የቀረችው ኮረሪማ ከአፈር ጋር ተረግጣለች። የአባላት መዝገብ የተረፈው ጸሐፊያችን በፌስታል ጠቅልላ ጎታ ውስጥ ማሽላ ስር ስለቀበረችው ነው። ዳር ዳሩ ሻግቷል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል። የማን ዕጣ ስንት እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ አባል እንደሆነች ሁሉም አለ። ጋዜጠኛችሁ አሳዩኝ ቢል ኖሮ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር!

ደግሞ በዛ መች አበቃ። እንደምንም ተሰባስበን በተከራየነው ወፍጮ ስንጀምር ነሐሴ 2014 ውጊያው እንደገና ተነሳና ከተማው ተያዘ፣ ሰው በሌሊት ወጣ። ዓመት ሳይሞላ በ2015 መጨረሻ ላይ ደግሞ እዚሁ አማራ ክልል ውስጥ ሌላው ግጭት መጣ፣ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ ከቡሬ የሚመጣው በርበሬ አይገባም ሲከፈት ዋጋው አይቀመስም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው ነገር ለምን እንዳንገበገበኝ እንድትረዱልኝ። ወፍጮው ሄደ፣ የወፍጮው ብድር ግን አልሄደም። የተበደርነው በቡድን ዋስትና ስለሆነ ዕዳው በእያንዳንዳችን ስም ነው ያለው። ደሴ ተፈናቅላ የቀረችውም አለችበት። በሞት የተለየችን እህታችንም አለችበት፣ የሷን ድርሻ እኛ ነን የምንከፍለው። አበዳሪያችን ንብረቱ መዘረፉን ያውቃል፣ መጥተው አይተዋል፣ ፎቶ አንስተዋል፣ ግን ከላይ መመሪያ አልመጣም ይሉናል። ያልተከፈለ ብድር ስላለብን ደግሞ ሌላ ማንም አያበድረንም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይመራ ሲባል ከ57 ብር ትንሽ ከፍ ይል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 አለፈ፣ የሞተር ዋጋ ከዛ በኋላ እንኳን ልንገዛው ልንጠይቀውም አስፈራን።

በዚህ መሀል ነው እናንተ ያመሰገናችሁት ድርጅት የመጣው። ስሙን አልጠራም፣ ልጆቹም ቅን ልጆች ናቸው። ነገር ግን ነባር ማኅበር አንረዳም ዕዳ አለባችሁ፣ አምስት አምስት ሆናችሁ በአዲስ ስም ከተደራጃችሁ ግን ማሽን እንሰጣለን አሉን። የተቸገረ ሰው ምን ያደርጋል? አራቱ ሄዱ፣ እኔ አልፈርድባቸውም፣ ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች ናቸው። እናንተ ጋ ሲደርስ ይሄ ለአምስት ሴቶች አዲስ የሥራ ዕድል ተፈጠረ ተብሎ ተጻፈ። እኛ ጋ የተፈጠረው ማኅበር መፍረስ ነው። ስንት ዓመት አብረን የቆጠብን፣ ስንወልድ የተጠያየቅን ሴቶች ዛሬ ገበያ ላይ አንዳችን የአንዳችንን ደንበኛ እንሻማለን።

ፎቶው ላይ ያለው ማሽንስ? ቀረብ ብላችሁ ብታዩት እኮ ፕላስቲኩ አልተነሳም! ስሪ ፌዝ፣ ባለ ሦስት መስመር መብራት፣ ነው የሚፈልገው፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ቆጣሪ ግን ተራው የቤት ቆጣሪ ነው። ስለዚህ ሴቶቹ አሁንም በርበሬያቸውን ተሸክመው ሰው ወፍጮ ቤት ነው የሚያስፈጩት። ማሽኑ ሲሠራ ያየ ማነው ከናንተ? ማንም። ሳይሠራ አይታችሁ ሕይወታቸው ተቀየረ ብላችሁ ጻፋችሁ።

ብር የለም እንዳይባል አለ። የዓለም ባንክ በግጭት ለተጎዱ አካባቢዎች ብሎ ሚያዝያ 2014 ላይ 300 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል፣ አማራ፣ ትግራይ፣ አፋር፣ ኦሮሚያና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሁሉም አሉበት። ሌላም ሌላም ድጋፍ አለ። ችግሩ ብሩ ሲመጣ ከባዶ የጀመረ ሰው ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ከባዶ የጀመረ ለሪፖርት ያምራል። የነበረውን ማኅበር ማቆም፣ የተዘረፈበትን ብድር መሰረዝ ወይ ማራዘም፣ አንድ ሞተር መተካት ፎቶ የለውም። ይሄ ደግሞ የቆቦ ሴት ብቻ ችግር አይደለም፣ ትግራይ ውስጥም ባንክ ተዘግቶ ወለድ ሲቆጠርብን ነበር ብለው የሚጮሁ ነጋዴዎች አሉ፣ የነሱም እንደኛው ነው። ማን ዘረፈ ማን አልዘረፈ የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፣ እኔ የምጠይቀው ለተዘረፈ ወፍጮ እስከ መቼ ነው የምንከፍለው የሚለውን ነው። ይሄን ጥያቄ ለአበዳሪዎቹና ለመንግሥት ይዞ መሄድ የናንተ ሥራ ነበር። እናንተ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ብላችሁ ጻፋችሁና ዕዳውንም ዘረፋውንም ከታሪኩ አወጣችሁት። ያልነበረ ማኅበር አይዘረፍማ!

የመዝገቡን ገጾች ፎቶ አንስተን በቴሌግራማችሁ ልከናል። የማኅበሩን ስም እዚህ ያልጻፍኩት የብድሩ ጉዳይ ስላላለቀ ነው፣ እናንተ ጋ ግን አለ። ማረሚያውን ዘገባውን ባወጣችሁበት ቦታ አውጡልን፣ ከጦርነቱ በፊት በራሳቸው ዕጣ የተቋቋሙ ናቸው ብላችሁ ጻፉ። ጋዜጠኛም ከላካችሁ ከድርጅቱ መኪና ጋር አትላኩት፣ ብቻውን ይምጣ፣ አበዳሪያችን ቢሮ ድረስ አብሬው እሄዳለሁ።

የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ
ቆቦ፣ ሰሜን ወሎ