አሰልጣኛችን ማን ነው?

ሰላም የቶተንሃም ቤተሰብ፣

ሰኔ 2013 ተጋመሰ፤ የእንግሊዙ እግር ኳስ ክለባችን ቶተንሃም ግን እስካሁን አሰልጣኝ የለውም።

አሰልጣኙን ሞሪኒሆን ያሰናበቱት ሚያዝያ 11 ነው። የካራባኦ ዋንጫ (የእንግሊዝ ሊግ ካፕ) ፍጻሜ ስድስት ቀን ሲቀረው! የ29 ዓመቱ ራያን ሜሰን በጊዜያዊ አሰልጣኝነት ቡድኑን ይዞ ፍጻሜው ወደሚደረግበት ዌምብሌይ ስታዲየም ገባ፤ በማንቸስተር ሲቲ 1 ለ 0 ተሸነፍን። በልጁ አልፈርድም፣ በጭንቅ ሰዓት ኃላፊነቱን ተቀብሏል። ፕሪሚየር ሊጉን 7ኛ ሆነን ጨረስን።

ከዚያ ወዲህ የምንሰማው የአሰልጣኞች ስም ብቻ ነው። ኮንቴ መጣ ሲባል ድርድሩ ፈረሰ። ከፎንሴካ ጋር ስምምነቱ አለቀ ሲባል እሱም ቀረ። የጋቱሶ ስም ሲነሳ ደጋፊው ተቃወመ፤ ትክክልም ነበር። የክለቡ ሊቀመንበር ሌቪ ሞሪኒሆን ከማሰናበቱ በፊት ቀጣዩን ሰው ማሰብ ነበረበት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አጥቂያችን ሃሪ ኬን በሊጉ 23 ጎል አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኗል፤ ዋንጫ ግን የለውም። አሁን ሊለቅ ይችላል እየተባለ ነው። ማን እንደሚያሰለጥነው እንኳን ሳያውቅ «ቆይልን» ብለን በምን አፋችን እንለምነዋለን? ሊጉ ነሐሴ ላይ ይጀምራል። አዲሱ ሰው ተጫዋቾቹን የሚያይበት ጊዜ እያለቀ ነው።

አደራ፣ ንዴታችሁን ተጫዋቾቹ ላይ አታውጡ። ጥያቄያችን ለአመራሩ ነው። ክለቡ ራሱ እስኪያረጋግጥ ድረስም «አሰልጣኝ ተገኘ» የሚል ወሬ አታጋሩ።