የኦል ዊል ድራይቭ ምርመራን ለብቻው ስለማስከፈላችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

የኦል ዊል ድራይቭ (የሞተሩን ጉልበት ለአራቱም ጎማ የሚያከፋፍለው ሲስተም) ብልሽት ምርመራን ለብቻው ማስከፈል ከጀመርን ወዲህ ቅር የተሰኛችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። «ኮምፒውተር ሰክቶ ለማየት ነው ይህ ሁሉ?» ካሉት መካከል የረጅም ጊዜ ደንበኞቻችን ስላሉበት ነገሩ ከልቤ ተሰምቶኛል። ስላስከፋናችሁ ይቅርታ። ክፍያው ግን ይቀጥላል።

ኮምፒውተሩ መኪናው የመዘገበውን የብልሽት ኮድ ያነባል እንጂ የተበላሸውን ዕቃ ለይቶ አይነግረንም። ኮዱ የኋላውን ክላች (ጉልበቱን ከኋላ ጎማዎች ጋር የሚያገናኘውን ዕቃ) ቢጠራም ጥፋቱ የጎማ ሊሆን ይችላል። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይበልጥ ካለቀ ዙሪያው ስለሚያንስ ፈጥኖ ይሽከረከራል፤ ሲስተሙም መኪናው የተንሸራተተ መስሎት ክላቹን ያለ እረፍት ያሠራዋል። ሙቀት ሲበዛበት ሥራውን ያቆምና የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል። ስለዚህ መጀመሪያ የአራቱንም ጎማ ጥርስ እንለካለን። ባትሪውንና የዲፈረንሻሉን (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለውን ዕቃ) ዘይት እናያለን፤ ከዚያ መኪናውን እየነዳን የእያንዳንዱን ጎማ ፍጥነት በስክሪኑ ላይ እናነጻጽራለን። ይህ ሰዓት ይፈጃል።

ሌላ ቦታ «የኋላ ዲፈረንሻሉ ከነክላቹ ይቀየር» የተባለ መኪና መጥቶልን ነበር። ከሥር ገብተን የክላቹን ሶኬት ስንነቅል ውስጡ ውሃ ገብቶ ፒኖቹ አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል። ፒኖቹን አጽድተን፣ የተበላውን ሽቦ ቀጥለን መብራቱ ጠፋ። ትልቅ ዕቃ ስላልተቀየረ ግን ባለቤቱ «ታዲያ ምን ሠራችሁ?» አሉን። ያ ጥያቄ እስካሁን ያመኛል።

ጋራዡን ስከፍት ቁልፍና ክሪክ ይበቃኝ ነበር። ዛሬ ከመሣሪያው ዋጋ ሌላ ሶፍትዌሩ በየጊዜው ይታደሳል፣ ይከፈልበታል፤ እሱን የሚያነብ ባለሙያም እንደ ልብ አይገኝም። ወጪውን በመለዋወጫ ዋጋ ውስጥ ደብቀን ዝም ማለት እንችል ነበር። እንዲያ ከሆነ ግን እንጀራችን ዕቃ በመቀየር ላይ ብቻ ይቆማል፤ ደህናውን ዲፈረንሻል አውጥተን ብንጥል የምንጠቀመው እኛ እንሆናለን። ያንን አልፈልግም። ደህናውን ዕቃ ደህና ነው ብዬ ስመልስላችሁም ሥራ እንደሠራሁ ቁጠሩልኝ።

እስከ ዛሬ አምናችሁን መኪናችሁን ስትሰጡን ኖራችኋል፤ አሁንም አትራቁን። ስትመጡ ኮዱን አስጠፍታችሁ አትምጡ፤ ብልሽቱ ሲፈጠር የተመዘገበው መረጃ አብሮ ይጠፋል። መብራቱ የሚበራው ስትጠመዝዙ ይሁን፣ በዝናብ ወይም ከረጅም ጉዞ በኋላ፣ ያስተዋላችሁትን ንገሩን። ፍለጋው ባጠረ መጠን ክፍያውም ይቀንስላችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤት