ከደሴ፦ ስለ ላክሽልኝ ሸክላ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔም እናትሽም ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። በሰው የላክሽልኝ የጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ ሸክላ ሳይጫርና ሳይጎብጥ ደርሶኛል፤ ሦስት ምሽት ሙሉ ከእሱ ሌላ አልሰማሁም። አንቺ ግን በስልክሽ እያቀያየርሽ ሰምተሽው ሁሉም እንደ ተመሳሰለብሽ ስለ ጻፍሽልኝ፣ ዛሬ ደብዳቤዬን ላስረዝምብሽ ነው።

ሸክላው የቀድሞ ሥራዎቻቸው ስብስብ ነው፤ በ2009 የወጣ ሲሆን ከ1965 እስከ 1975 በኒው ዮርክ፣ በአዲስ አበባና በለንደን የተሠሩትን ይዟል፤ ዓመቶቹን የምጽፍልሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ በተቀረጹበት ዓመት ተራ አስከትለሽ ስሚያቸው። የጅማው ተወላጅ ጋሽ ሙላቱ ምህንድስና እንዲያጠኑ ወደ ዌልስ ተልከው ሙዚቃን መረጡ፤ ለንደን ቆይተው ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገቡም ቫይብራፎን የሚባለውን፣ በብረት ዘንጎቹ ላይ እየተመታ የሚጫወቱትን መሣሪያ ተማሩ። በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ባወጧቸው ሁለት አልበሞች ኮንጋ የሚባለው ከበሮና የላቲን አሜሪካው ምት ፊት ፊት ይሄዳሉ፤ በ1972 በዚያው ከተማ በሠሩት አልበም ግን መሪው የእኛው ቅኝት ነው።

እዚህ ላይ ቆም በዪልኝ። ባቲ ለአንቺ የሰኞ ገበያ ናት፤ አምባሰልም ከሐይቅ ወዲያ ያለው ተራራ ነው። ለሙዚቀኛ ግን ሁለቱም፣ ከትዝታና ከአንቺሆዬ ጋር፣ የዋና ዋና ቅኝቶቻችን ስሞች ናቸው፤ እያንዳንዱም የተሠራው ከአምስት ድምፅ ብቻ ነው። አምባሰልን ብትወስጂ፣ ከመነሻው እስከ ሁለተኛው ድምፅ ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ለመድረስ ግን ሁለት ሙሉ ድምፅ መዝለል ያስፈልጋል። ሆድ የሚያባባው ያ ክፍተት ነው። እሳቸው ከቅኝታችን ጋር ያዋሐዱት ጃዝ በአሥራ ሁለቱም ድምፆች ስለሚጠቀም፣ ሳይታሰብበት የገባ ኮርድ፣ ማለትም በአንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች፣ ክፍተቱን ሞልቶ ቅኝቱን ያጠፋዋል። ጋሽ ሙላቱ ኮርዱን ከሥር አንጥፈው ክፍተቱን ሳይነኩ መተዋቸው፣ በእኔ ግምት፣ ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጠው ነው። ሦስቱንም ምሽት ጆሮዬን የሰጠሁት ለዚህ ነበር።

አንድ ነገር ግን ይቀርብኛል። ማሲንቆ ላይ ጣት በጭራው ላይ ተንሸራትቶ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ያደርሳል፤ የቫይብራፎን ብረት ግን የተወሰነለትን ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ በፔዳል ይረዝማል፣ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይንሸራተትም። በልጅነቴ በሠርግ ቤት የሰማኋቸው አዝማሪዎች ያሳዩን የነበረውን መንገድ እዚያ ፈልጌ አጣሁት። ሳክስፎኑ ሲገባ ግን ትንሽ ይመለስልኛል።

ስብስቡ 1975 ላይ ማቆሙም አሳዝኖኛል። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በሰዓት እላፊው የአዲስ አበባ የምሽት ሙዚቃ ቢዳከምም፣ እሳቸው ግን ሥራቸውን አላቆሙም፤ በዚያው በ2009 ሄሊዮሴንትሪክስ ከሚባለው የለንደን ባንድ ጋር ያወጡትን አልበም ፈልገሽ ከዚህ አስከትለሽ ስሚው።

የማጫወቻዬ መርፌ አርጅቷልና ሸክላውን እንዳይጎዳው ከዛሬ ጀምሮ ከከረጢቱ አላወጣውም። ለክረምት ስትመጪ አዲስ መርፌ ይዘሽልኝ ነይ፤ የአሮጌውን ዓይነት እንዳትሳሳቺ ፎቶውን በእህትሽ ስልክ እልክልሻለሁ።

የሚናፍቅሽ አባትሽ