የተረሳው ሦስተኛው ሶፍትዌር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ለቢሮ የሚሆነው ሶፍትዌር የቱ ነው በሚል ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ጸሐፊው በአንድ ወገን የሚገዙትን ዊንዶስና ኦፊስ፣ በሌላ ወገን በነጻ የሚገኙትን፣ በዊንዶስ ፈንታ የሚጫነውን ሊኑክስና በኦፊስ ፈንታ የሚሠራውን ሊብረኦፊስ አስቀምጠው አወዳድረዋል። የመጨረሻ ሐሳባቸው፣ ኮዱ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ) ለሁሉም ክፍት ከሆነ ለሌባም ክፍት ነው የሚል ነው። ጥሩ ጽፈዋል። ግን አንድ ነገር ዘለሉ። እኔ 14 ዓመት ሙሉ ኮምፒዩተር ስጠግን፣ ዊንዶስን በገንዘቡ ገዝቶ የሚጠቀም ደንበኛ የገጠመኝ ከስንት አንዴ ነው። በእኛ ሰፈር ሦስተኛ ዓይነት ሶፍትዌር አለ። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ጋዜጣ ላይ ግን ማንም ስሙን አይጠራም። ክራክ! የሚገዛ ሆኖ ሳለ ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚጫን ሶፍትዌር ማለቴ ነው።

እንግዲህ ልናዘዝ። ከጫኞቹ አንዱ እኔ ነኝ። ደንበኛ ላፕቶፑን ይዞ ይመጣል፣ «ፎርማት አርግልኝና ኦፊስም ይግባበት» ይላል። ፍላሼን ሰክቼ ዊንዶሱን እጭናለሁ፣ ኦፊሱን አስከትላለሁ፣ ከዚያ አክቲቬተሩን፣ ያልተገዛውን እንደተገዛ የሚያስመስለውን ፕሮግራም፣ እከፍታለሁ። አክቲቬተሩ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ምን መሰላችሁ? አንቲቫይረሱን አጥፋ ነው የሚለኝ። አጠፋለታለሁ። ማን እንደሠራው የማላውቀውን ፕሮግራም፣ ዘበኛውን አስተኝቼ፣ የቤቱን ቁልፍ በሙሉ አስረክቤ አስገባዋለሁ ማለት ነው። ቀጥሎ አፕዴቱን እዘጋለሁ። አንድም አክቲቬሽኑን ይነቅለዋል ተብሎ ስለሚፈራ፣ አንድም ደንበኛው ኢንተርኔት የሚያገኘው ከስልኩ ስለሆነና ፓኬጁን በአንድ ማታ ሙልጭ አድርጎ ስለሚበላበት። ደንበኛው ከፍሎኝ፣ አመስግኖኝ ይሄዳል።

ዓምና ግን ነገሩ እኔው ላይ ዞረ። 11 ኮምፒዩተር ያለው አንድ አነስተኛ ድርጅት አለ፣ ስሙን ተዉት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሒሳብ ሠራተኛዋ ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ ኤክሴሌ አልከፈት አለኝ፣ ቶሎ ድረስልኝ» አለች። ስደርስ የእያንዳንዱ ፋይል ስም መጨረሻ ላይ ትርጉም የሌላቸው አራት ፊደላት ተለጥፈዋል። ደረሰኙ፣ ደመወዙ፣ የልጇ የልደት ፎቶ ሳይቀር። በየፎልደሩ ውስጥ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ማስታወሻ ተቀምጧል። ተረጎምኩላት፤ ፋይሎችሽ ተቆልፈዋል፣ መክፈቻው 980 ዶላር ነው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ካናገርሽን ግን በግማሽ፣ በ490 እንሰጥሻለን ይላል። ሌቦቹ እንደ ቡቲክ ቅናሽ ያደርጋሉ! እሷ ዶላሩን አልሰማችውም። «ቫቱን እኮ በዚህ ሳምንት ማሳወቅ አለብኝ» ብቻ ነው ያለችው።

ማታ ምን ጫንሽ አልኳት። ፒዲኤፍ ማስተካከያ ፈልጋ ክራኩን ከኢንተርኔት አውርዳ ነበር። ይሄኛው ዓይነት ፋይል ቆላፊ በባለሙያዎች ዘንድ ስቶፕ ወይም ዲጃቩ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ያለ ነው፣ በብዛት የሚዛመተውም በዚሁ በክራክ በኩል ነው። ማለትም የሚያድነው ሀብታሙን ባንክ ሳይሆን እንደኛ ያለውን፣ ሶፍትዌር መግዣ የሌለውን ሰው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። አለቃዋ መጥቶ ጮኸባት። እኔ ግን ዝም አልኩ። አንቲቫይረሱን ያጠፋሁት፣ አፕዴቱንም የዘጋሁት እኔ ነበርኩ። ዝም ማለቴ እስከዛሬ ይቆጨኛል፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚያ ነው መሰለኝ።

አሁን ወደ ጸሐፊው ነጥብ ልምጣ። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ብቻ ሊኑክስ አይነካም የሚሉ ልጆች አሉ፣ እነሱም ተሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል የሚባለው፣ ግማሽ ኢንተርኔት ሚስጥሩን የሚጠብቅበት ክፍት ፕሮግራም ውስጥ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘ፣ ሃርትብሊድ አሉት። ኮዱ ዓለም ሁሉ የሚያየው ነው፣ ቀዳዳው ግን ከሁለት ዓመት በላይ ማንም ልብ ሳይለው ኖሯል። ክፍት መሆን አንድ ነገር ነው፣ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰው መኖሩ ሌላ ነው።

የ2024ቱ ደግሞ ፊልም ነው የሚመስለው። ኤክስዜድ የምትባል፣ ፋይል የምታሳንስ ትንሽ ክፍት ፕሮግራም አለች። አንድ ማንነቱ እስካሁን ያልታወቀ ሰው ሁለት ዓመት ያህል በትሕትና ሲያግዝ፣ ሲያስተካክል ከርሞ የባለቤቱን እምነት አገኘ፣ ከዚያ ሊኑክስ ሰርቨሮችን ከሩቅ የሚከፍት ድብቅ በር አስገባባት። የያዘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ነው። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ከርቀት መግባት ከወትሮው በግማሽ ሰከንድ ዘገየበት፣ ምን ሆኖ ነው ብሎ ቆፈረ፣ ጉዱን አወጣው። የሚገርመው ፍሮይንድ ዊንዶስን የሚሠራው የማይክሮሶፍት ሠራተኛ ነው። ኮዱ ዝግ ቢሆን ኖሮ ግን በምን ይቆፍረው ነበር? ጸሐፊው ለሌባም ክፍት ነው ያሉት እውነት ነው፣ ግን ለዚህም ሰው ክፍት ነበር።

ኮዱ ዝግ የሆነው ዊንዶስስ? እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የሚባል ፋይል ቆላፊ ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ኮምፒዩተር ሲቆልፍ፣ እንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከመሰረዝ ደርሰው ነበር። የገባበት ቀዳዳ ዊንዶስ ውስጥ ነው፣ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት አስቀድሞ አግኝቶት ለራሱ ሥራ ደብቆ ይዞት ነበር። ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ያወጣው በመጋቢት ወር፣ ጥቃቱ የመጣው በግንቦት። ሁለት ወር! አፕዴቱን ያስገባ ዳነ፣ ያላስገባ ተቆለፈ። እዚህ ላይ አፕዴቱ የተዘጋ ክራክ ዊንዶስ የትኛው ወገን እንደሚቆም ልንገራችሁ አያስፈልግም። እንደኔ ከሆነ ከክፍትና ከዝግ በፊት መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው፤ ነገ ቀዳዳ ሲገኝ መድፈኛው እዚህ ማሽን ላይ ይደርሳል ወይስ አይደርስም? የተገዛ ዊንዶስ ይደርሰዋል። ሊኑክስም በነጻ ይደርሰዋል። ክራክ ግን ባለቤት የለውም።

ለቢሮ ሥራስ ላላችሁት፣ ሊብረኦፊስን አላካብድም። ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ተራ የሒሳብ ሠንጠረዥ በደንብ ይሠራል። ግን በወርድ የተሠራ ሠንጠረዥ የበዛበት የጨረታ ሰነድ ስትከፍቱበት 12 ገጽ የነበረው 13 ሊሆን ይችላል፣ ፊርማው ለብቻው ባዶ ገጽ ላይ ወርዶ ቁጭ ይላል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፎንቱ፣ የፊደሉ ቅርጽ ነው። ኒያላ ከዊንዶስ ጋር የሚመጣ የአማርኛ ፎንት ስለሆነ ሊኑክሱ ላይ ሲጠፋ ሌላ ይተካል፣ መስመሩ ይገፋል። የኤክሴል ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚደጋግም ትንሽ ፕሮግራም) ያለው ፋይል ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሄድም። እኔ የማደርገው፣ ለውጭ የሚላከውን በፒዲኤፍ፣ ውስጥ ለውስጥ የሚዞረውን በነጻው አቢሲኒካ ፎንት። የአማርኛ መጻፊያው ኪማንም ሊኑክስ ላይ አለ፣ የእሱም ኮድ ክፍት ነው።

እግረ መንገዴን፣ ፋይል በአንድ ድርጅት እጅ ሲታሰር ምን እንደሚመስል ለማየት ፈረንጅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፊደሉን በራሱ መንገድ ነበር የሚያስቀምጠው። ባለፈው ክረምት አንድ ጡረታ የወጡ አባት የድሮ ዲስክ አምጥተውልኝ ነበር። የቤተሰባቸውን ታሪክ ጽፈውበታል። ስከፍተው ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ፣ ድመት የተራመደችበት ኪቦርድ የጻፈው ይመስላል። «ልጄ፣ ጽሑፌ የት ሄደ?» አሉኝ። አለ አባባ፣ የጻፉበት ፕሮግራም ነው የሌለው። ያኔውን ፎንት ከአንድ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አሮጌ ማሽን ላይ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ታዲያ ሁሉም ሊኑክስ ይጫን ልበል? አልልም። ሒሳብ ሠራተኛ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራሟን ተዪ ብትባል ሥራዋን ትለቃለች፣ እሱ ደግሞ የሚሠራው ዊንዶስ ላይ ነው። ያ ድርጅት መጨረሻ ላይ ያደረገው ይሄን ነው፤ ለሒሳብ ክፍሉ ሁለት ማሽን ዊንዶሱንም የሒሳብ ፕሮግራሙንም ገዛ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው የት እንደደረሰ ስለምታውቁ አለቃው ፊቱን ምን ያህል እንዳጨማደደ መገመት ትችላላችሁ። ዘጠኙ ላይ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫንኩ። እነሱ ኮር አይ ፋይቭ፣ ሲክስ ጀነሬሽን (ስድስተኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር) ናቸው፣ ያገለገሉ ሆነው የገቡ። ማይክሮሶፍት የዊንዶስ 10ን ነጻ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፣ ዊንዶስ 11 ደግሞ ከኤይት ጀነሬሽን በታች ያለውን ኢንቴል በደንቡ አይቀበልም። ስለዚህ ለእነዚህ ብዙም ምርጫ አልነበረም። የመጀመሪያው ሳምንት ስልኬ አላረፈም፣ አብዛኛው ጥያቄ «ማይ ኮምፒዩተር የት ገባ?» ነበር። አንዱ ልጅ እስካሁን አኩርፎኛል፣ ጌሙ አልሠራ ስላለው። ፍላሽ ላይ የሚዞረው ያ የሾርትከት ቫይረስ ግን ዘጠኙ ላይ ቦታ አጥቷል።

ገንዘቡን ለሌቦቹ አልከፈሉም። ሒሳብ ሠራተኛዋ ሁለት ወር ያለፈው ቅጂ ፍላሽ ላይ ተገኝቶላት፣ ቀሪውን ከወረቀት ደረሰኝ እያየች እንደገና አስገባችው፣ 19 ቀን ፈጀባት። የተቆለፈውን ሃርድ ዲስክ አልጣልኩትም፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ለድሮዎቹ ዲጃቩዎች ነጻ መክፈቻ ወጥቶላቸዋል፣ ለዚህኛው ገና ነው። በየወሩ አያለሁ። የልጇን ፎቶ ስለምትጠይቀኝ።

ከመገናኛ፣ ኮምፒዩተር ጠጋኙ አንባቢያችሁ