«ታዲያ አሁን አሜሪካዊት ሆንሽ?»

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንዴት ሰንብተዋል? ጉልበትዎ በክረምቱ እንዴት አደረገዎ? የላክሁልዎን ቅባት እየተቀቡ እንደሆነ ያሳውቁኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሹ ልጄ በቁመት ደርሶብኛል፤ ሲያዩት የእርስዎን ትከሻ ነው የያዘው።

ባለፈው እሑድ በስልክ ስለ ዜግነት መሐላው ስነግርዎ «ታዲያ አሁን አሜሪካዊት ሆንሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ልመልስልዎ ስል መስመሩ ተቋረጠ። ወዲያው መልሼ መደወል እችል ነበር፤ አልደወልኩም። ጥያቄው ሳምንቱን ሙሉ ከእኔ ጋር ሥራ ሲገባና ሲወጣ ከረመ። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ነዎትና በአንድ ቃል ብመልስልዎ አይረኩም፤ እኔም አልረካሁም። ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብያለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለጻፍኳቸው ይታገሱኝ።

መሐላው አጭር ነው። አዳራሹ በር ላይ ግሪን ካርዴን አስረከብኩ፤ ከየአገሩ ከመጣው ሰው ጋር ቆሜ ቀኝ እጄን አነሣሁ። ለሌላ ንጉሥም ሆነ መንግሥት የነበረኝን ታማኝነት ትቼ የዚህን አገር ሕገ መንግሥትና ሕግ እንደምጠብቅ ማልኩ። ቃሉን አንድ በአንድ ነው ያዳመጥኩት፤ «አሜሪካዊ ነኝ» የሚል አንድም ቦታ የለበትም። ትናንት ፓስፖርቱ በፖስታ ሲደርሰኝም መጀመሪያ የፈለግሁት ዜግነት የሚለውን መስመር ነበር። እዚያም የተጻፈው የአገሩ ሙሉ ስም ነው፤ ዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ ይላል።

ይህን እንድፈልግ ያደረገኝ በመሐላው ማግሥት ሥራ ቦታ የሆነው ነገር ነው። ባልደረቦቼ ኬክ ገዝተው ጠበቁኝ። ስለ ኤል ሳልቫዶሯ ጓደኛዬ ነግሬዎታለሁ፤ አረጋውያኑን ስምንት ዓመት በሌሊት ፈረቃ አብረን ያነሣን፣ ያጠብን፣ ያበላን ናት። አቅፋ ሳመችኝና «እንኳን ደስ አለሽ። እኔ ግን ስወለድም አሜሪካዊት ነኝ» አለችኝ። በሙሉ ልቧ ነው የተናገረችው። አንዱ ባልደረባችን ቀበል አድርጎ «አንቺ? ወረቀትሽ የት አለና!» አላት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቢላዋው በእጇ ነበር። ኬኩን መቁረጧን ቀጠለች፤ ለእሱም ቆረጠችለት፤ ሳህኑን ስታቀብለው እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። በ2001 ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ ለአገሯ ሰዎች በተሰጠው ጊዜያዊ ከለላ የምትኖር ሴት ናት፤ ያ ከለላ ሲታደስ ቆየ እንጂ ዜግነት አይሆንም። በዚያች ሰዓት መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሰነዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ከልካይ አልነበረብኝም። አባባ፣ ዝም አልኩ።

ሌሊት ሽንት ጨርቅ እያጣጠፍን ነገሩን እሷው አነሣችው። እነሱ ትምህርት ቤት የተማሩት አሜሪካ አንድ አህጉር እንደሆነች ነው፤ ከሰሜኑ ጫፍ ከአላስካ እስከ ደቡቡ ጫፍ እስከ ቲዬራ ዴል ፉዌጎ ድረስ አንድ ምድር። በዚህ ስሌት የብራዚሉም የኩባውም የእሷም ልጆች ሁሉ አሜሪካውያን ናቸው። የዚህን አገር ሰው በቋንቋቸው «ኤስታዶውኒዴንሴ» ይሉታል፤ «የስቴቶቹ ሰው» እንደማለት ነው። እርስዎ ለእኛ ያስተማሩን ሰባት አህጉራትን ነበር፤ ሰሜን አሜሪካና ደቡብ አሜሪካ ለየብቻ። ሁለቱም ግን ሰው ያወጣው አቆጣጠር ነው። የኦሎምፒክን ቀለበቶች ያስቡዋቸው፤ አምስት ናቸው፤ አሜሪካ እዚያ አንድ ነች። ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ የሮጠው በአሜሪካ ምድር ነው ብትል ጓደኛዬ አልተሳሳተችም።

ከዚያ በዕረፍት ቀኔ ዋሽንግተን ወደ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ስንት ዓመት በደጁ ሳልፍ አንድ ቀን እንኳ አልገባሁበትም ነበር። እዚያ «አሜሪካ» የሚለው ስም መጀመሪያ የተጻፈበት፣ በ1507 የታተመ የዓለም ካርታ አለ፤ አንድ ቅጂ ብቻ ነው የተረፈው፤ በ2003 በ10 ሚሊዮን ዶላር ነው የተገዛው። እርስዎን ያላሰብኩበት ደቂቃ አልነበረም። ብርሃኑ ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ከወፍራም መስታወት ጀርባ ተቀምጧል። ከ12 ሉሆች የተገጣጠመ ስለሆነ ከእኔ ቁመት በላይ ይሰፋል፤ መጋጠሚያዎቹም ይታያሉ። ማርቲን ቫልድዜሙለር የሚባል ካርታ ሠሪና ጓደኛው ማቲያስ ሪንግማን ናቸው ዛሬ የፈረንሳይ ክፍል በሆነችው ሎሬን ውስጥ ያሳተሙት። ስሙን የሰጡት ለፍሎሬንሱ መርከበኛ ለአሜሪጎ ቬስፑቺ ክብር ሲሆን፣ አውሮፓና እስያ በሴት ስም ስለሚጠሩ ይህችም በሴት ስም ትጠራ ብለው አሜሪካ አሏት።

ዓይኔን ከላይ ከሰሜኑ ጀመርኩ፤ ስሙን አጣሁት። ወደ ታች ስወርድ በግራ በኩል፣ በደቡቡ ምድር ላይ፣ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ አገኘሁት። አባባ፣ «አሜሪካ» የሚለው ስም መጀመሪያ የወደቀው ዛሬ እኛ ደቡብ አሜሪካ በምንለው ምድር ላይ ነው! ሰሜኑም ደቡቡም በአንድነት በዚህ ስም የተጠሩት ሌላው ካርታ ሠሪ መርካቶር በ1538 ባወጣው ካርታ ላይ ነው። እኔ ዜጋ የሆንኩበት አገር ነጻነቱን ያወጀው በ1776 ነውና ስሙ ከአገሩ በ269 ዓመት ይቀድማል።

ፍትሕ እንዳላጓድል ግን የወዲያኛውንም ወገን ልጻፍልዎ። እዚህ ያለው ሰው በእንግሊዝኛ ራሱን የሚጠራበት ሌላ ቃል የለውም። ሌላ ስም ያወጡለት ነበሩ፤ ሕዝቡ አልተቀበለውም። «ዩናይትድ ስቴትስ» የሚለውም ብቻውን አይለየውም፤ የሜክሲኮም መንግሥታዊ ስም የተባበሩት የሜክሲኮ ግዛቶች ነው። ካናዳውያን ደግሞ አሜሪካዊ ብትሏቸው ይቀየማሉ። ስለዚህ ይህ ሕዝብ አሜሪካዊ ነኝ ማለቱ ስርቆት አይደለም፤ በዚህ ስም ተወልዶ በዚህ ስም ሞቷል። እኔን የሚያመኝ ስሙን ለብቻው አጥሮ መያዙ ነው። ከሁሉም በፊት እዚህ የነበሩት ነባር ሕዝቦች እንኳ ሁሉም በሕግ ዜጋ የተባሉት በ1924 ነው። የዚህ ምድር ሰው ለመሆን የ1924ን ሕግ ሲጠብቁ ነበር ሊባል ነው?

ካርታው ፊት ቆሜ ግን ሐሳቤ ወደ ሻሸመኔ ነው የሄደው። ልጆች ሆነን ከኋላቸው «ጃማይካ! ጃማይካ!» እያልን የምንሮጥባቸውን ጎረቤታችንን ያስታውሷቸዋል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ንጉሡ በችግራችን ቀን ለደረሱልን የባሕር ማዶ ጥቁሮች በሰጡት መሬት ብለው ውቅያኖስ ተሻግረው የመጡ ሰው ነበሩ። እኛ ጃማይካ ስንላቸው እሳቸው አንድ ቀን እንኳ ጃማይካዊ ነኝ ሲሉ አልሰማሁም። በኋላ ሳድግና ሳነብ ነው የገባኝ፤ ኢትዮጵያ የሚለው የግሪኮች ስም መጀመሪያ ከግብፅ በታች ያለውን የጥቁር ሕዝብ ምድር ሁሉ ይሸፍን ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግሪክ ሲተረጎምም ኩሽ የተባለው ኢትዮጵያ ተባለ። ሰፊ ነበር፤ ዛሬ የሚጠራበት የእኛ አገር ብቻ ነው። በ1920 የጃማይካ ተወላጁ የጥቁሮች መሪ የማርከስ ጋርቬይ ማኅበር ኒውዮርክ ላይ ለዓለም ጥቁሮች መዝሙር ሲመርጥም በኢትዮጵያ ስም ነበር የሰየመው። የስሙ ባለቤቶች እነማን እንደሆኑ ከእኛ ቀድመው የጠየቁ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ያን የትምህርት ቤት ምዝገባ ቀን ያስታውሱታል? እኔ ከእርስዎ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ እግሬን እያወዛወዝኩ ነበር። ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጥተው፣ ጸሐፊው ዜግነት በሚለው ቦታ «ጃማይካዊ» ብሎ ሊጽፍ ሲል እጁን ያዙት። በተሰባበረ አማርኛ «ኢትዮጵያ! እኔ ኢትዮጵያ!» አሉ። ጸሐፊው መታወቂያ አምጡ አላቸው። የላቸውም። ሰልፈኛው ሳቀ። እርስዎ የተማሪ ደብተር እያረሙ ነበር፤ ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጡና ቀና ሳይሉ «ሰውየው የሚሉትን ጻፍ፤ መንግሥት ካልተስማማው መንግሥት ይሰርዘው» አሉት። ሳቁ ተቋረጠ። ጸሐፊው ጻፈ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አንሥተው እጅ ሲነሡዎ፣ እርስዎ ወደ እርማትዎ ተመልሰው ነበር።

እነዚያ ሰዎች የመኖሪያ መታወቂያ እንደሚሰጣቸው መንግሥት ያስታወቀው በ2017 ነው፤ ያም ዜግነት አልነበረም። እኔ ደግሞ ከአሁን በኋላ በአገሬ ሕግ ኢትዮጵያዊት አይደለሁም። ትውልደ ኢትዮጵያዊት ነኝ፤ ስመጣም ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚሰጠው ቢጫ ካርድ ነው የምገባው። ቢጫ ካርዱን ሳስብ ሆዴ ይባባል፤ ከእርስዎ አልደብቅም። ግን ኢትዮጵያዊነቴን ያ ካርድ የሰጠኝ ወይም የቀማኝ አይመስለኝም፤ እንዲህ ከሆነ የጓደኛዬን አሜሪካዊነት ወረቀት አይቼ ልክድ አልችልም።

እንግዲህ መልሴ ይኸው፦ የአሜሪካ ዜጋ ሆኛለሁ። መብቱን ወስጃለሁ፤ ግዴታውንም እወጣለሁ፤ በመጪው ምርጫ ድምፄን እሰጣለሁ። «አሜሪካዊት» ስባልም አልክድም። ብቻዬን ግን አልወስደውም።

ባለፈው ሐሙስ ጓደኛዬን ካርታው ዘንድ ወሰድኳት። ኬኩን በቆረጠችበት ቀን ዝም ማለቴን ይቅርታ ጠየቅኋት። «ሰምቼሻለሁ፤ ዝምታሽን» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። ከዚያ ወደ መስታወቱ ተጠግታ ከስሙ ተነሥታ በጣቷ ወደ ላይ ተከተለች። የእሷ አገር በዚያ ካርታ ላይ ገና ስም የላትም። ብዙ ቆየች። ስንወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጠን የሻሸመኔውን ሽማግሌና የእርስዎን ነገር አጫወትኳት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ታዲያ ሰረዙት?»

አላውቅም አልኳት። ልጅ ነበርኩ፤ ቅጹን ከዚያ በኋላ አላየሁትም። እርስዎ በዚያ ትምህርት ቤት ጡረታ እስኪወጡ ስለቆዩ መዝገቡን አይተውት ይሆናል። ተሰርዞ ነበር ወይ? የልጅ ልጃቸው አሁንም ጃማይካ ሰፈር ካለ ሰላምታዬን ያድርሱልኝና እሱንም ይጠይቁልኝ። እሑድ እደውላለሁ፤ እሷም አጠገቤ ሆና ትሰማለች።

አክባሪና ናፋቂ ልጅዎ